240ዜዱን ከመፍታትህ በፊት ወረቀቱን ጨርስ

ወንድሜ፣ የ1972 ዳትሰን 240ዜድ፣ ያችን የድሮ የጃፓን ስፖርት መኪና፣ ገዝተህ ጋራዥህ ውስጥ እንዳስገባህና «ቅዳሜ ሞተሩን ላወርድ ነው፤ ከምን ልጀምር?» ብለህ እንደጠየቅክ አየሁ። እባክህ ቅዳሜ ምንም ነገር እንዳትፈታ። መኪናው በአራት ጎማው ቆሞ ይቆይ። እኔ የ1971ዱን እቤቴ ጋራዥ ውስጥ ከላሜራው ጀምሬ ራሴ አድሼዋለሁ፤ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው በሱ ነው። ያየሁትን መከራ አንተ እንድታየው ስለማልፈልግ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልህ።

1. መጀመሪያ ሊብሬው፣ እዚህ አሜሪካ ታይትል የሚሉት። ወረቀቱ ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር መኪናው ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አስተያይ። ቁጥሩ ክሩስኮቱ ላይ በፊት መስታወቱ በኩል በምትታየው ትንሽ ሳህን ላይ አለ፤ ኮፈኑን ስትከፍት ደግሞ ሞተሩን ከሹፌሩ ክፍል በሚለየው ግድግዳ ላይ ብረቱ ላይ ተመትቶ ታገኘዋለህ። ኤችኤልኤስ30 ብሎ ይጀምርና ቁጥሩ ይከተላል። ሞተር ክፍሉ ውስጥ ያለችው ሌላዋ ሳህን የሞተሩንም ቁጥር ስለምትይዝ ሞተሩ የራሱ መሆኑን በሷ ታረጋግጣለህ። ሁሉንም ፎቶ አንሳ።

ለምን ይሄን አንደኛ እንዳደረግሁት ልንገርህ። ከሻጩ ንጹህ ሊብሬ ተቀብዬ ስም ላዞር የስቴታችን የመኪና ምዝገባ ቢሮ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ የነበረችው ሴትዮ ቁጥሩን ቆጠረችና «17 ካልሞላ ኮምፒውተሩ አይቀበልም፣ የጎደለውን ይዘህ ና» አለችኝ። የጎደለ ነገር የለም እኮ! በአሜሪካ 17 ፊደልና ቁጥር ግዴታ የሆነው ከ1981 ሞዴል ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፋብሪካ እንደፈለገው ይጽፍ ነበር። ይሄን በትህትና ለማስረዳት ስሞክር ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ ቀጣዩን ሰው ጠራች። ደንቡን አትሜ ተመለስኩ፤ ሌላ መስኮት ደረሰኝ፤ ሰውየው አንብቦ መዘገበልኝ። አመስግኜ ወጣሁ።

ከወራት በኋላ የመኪናው ወለል ተቆርጦ፣ በሮቹ ወርደው፣ ጎማ የሚባል ሳይኖረው፣ የቆዩ መኪናዎችን የሚሸፍን ኢንሹራንስ ላስገባው ስል ኩባንያው «ሊብሬህና መኪናህ አይገናኙም» አለኝ። ለካ መዝጋቢው በ30ው ዜሮ ቦታ ኦ የምትባለዋን ፊደል ጽፎ ኖሯል። የነሱ ስህተት! ቢሮው ግን ምን አለኝ መሰለህ? «ስህተቱ የመኪናው ሊሆን ስለሚችል መኪናውን ለምርመራ ይዘኸው ና።» ወለል የሌለውን መኪና በምን ይዤው ልምጣ? የባሰብኝ ደግሞ አነጋገራቸው ነበር፤ የሰረቅኩት ያህል ነበር የሚያዩኝ። የፖሊስ መኮንን ቤት ድረስ መጥቶ ቁጥሩን አይቶ ቅጽ ላይ መፈረም እንደሚችል የነገረኝ የቢሮው ሠራተኛ ሳይሆን ወረፋው ላይ ከኋላዬ የቆመ ሞተር ሳይክል የሚያድስ ሰው ነው። መኮንኑ መጣ፣ ባትሪ አብርቶ ግድግዳው ላይ ያለውን ቁጥር አነበበ፣ ፈረመ፣ ሄደ። ቡና እስኪፈላ እንኳን አልቆየም። እኔ ግን ወረቀቱ ሳይስተካከል ገንዘብ ላፍስበት ስላልደፈርኩ የብርዱን ወራት በሙሉ ሥራ አቁሜ ነበር።

ስለዚህ መኪናው ሙሉ ሆኖ ቆሞ ሳለ ስሙን አዙር፣ አዲሱን ሊብሬ መስኮቱ ላይ ሳትነቃነቅ አንብብ፣ አንድ ፊደል ከተሳሳተ እዚያው አስተካክለኝ በል። ግድግዳው ላይ ያለውን ቁጥር ደግሞ ቀለም የሚፍቅ ሰው እንዳይነካብህ በራስህ እጅ ሸፍነው። ያ ቁጥር ባይኖር ኖሮ መኮንኑ ምን አይቶ ይፈርምልኝ ነበር?

2. ዝገት። ይሄ መኪና የተለየ ሻንሲ የለውም፣ ሁሉን የሚሸከመው ቦዲው ራሱ ነው፤ ስለዚህ ዝገቱ የመልክ ጉዳይ አይደለም። የባትሪ ማስቀመጫውን ሥር እይ፤ አሲዱ እየተንጠባጠበ ከታች ያለውን ተሸካሚ ብረት ይበላዋል። ከፊት መስታወቱ ሥር ያለው የውሃ መውረጃ በቅጠል ይደፈናል፣ ውሃው ወደ ወለሉ ይገባል። ከበሩ ኋላ፣ ከኋላ ጎማው ፊት ያለችው ጥግ ደግሞ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ጨው በሚረጭበት ስቴት የኖረ 240ዜድ ላይ ደህና ሆና አላየኋትም። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለህ ቦዲው ላይ አስኪደው፤ የማይዝበት ቦታ ስቱኮ ነው። እኔ ዋጋ የጠየቅኩት ቀለም ቤት ያንን ጥግ በስቱኮ ሞልቶ ሊቀባልኝ ነበር፤ «ማንም አያየውም» አለኝ። መኪናዬን ጭኜ ወጣሁ። በልጅነቴ ተክለ ሃይማኖት ጋራዥ ውስጥ ብየዳ የተማርኩት ለዚህ ቀን ነበር፤ የበሰበሰውን ቆርጬ ላሜራ አጥፌ ራሴ በየድኩት።

ወለሉን ከመቁረጥህ በፊት የበሩ ክፍተት ላይ ብረት አጋድመህ በይድ፤ አለዚያ ቦዲው ይከፈትና በሩ ተመልሶ አይገጥምም። ሰርባቶዮውን፣ የቤንዚን ታንኩን ማለቴ ነው፣ ደግሞ ከብየዳው በፊት አውርደህ ከጋራዡ አውጣው። ላሜራው ስስ ነው፣ በአንድ መስመር ከበየድከው ይጣመማል፤ ነጥብ እዚህ፣ ነጥብ እዚያ፣ እየቀዘቀዘ። ክሪክ ከወለሉ ሥር ባሉት ብረቶች ላይ አታስገባ፣ ይጨፈለቃሉ፤ ከፊት መስቀለኛው ብረት መሃል፣ ከኋላ ዲፈረንሻሉ ሥር፣ ከዚያ ማቆሚያ።

3. ሞተሩን ተወው ያልኩህ ጠንካራ ስለሆነ ነው። በ1971ና በ1973 ጎረቤታችን ኬንያ የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን ያሸነፈው ይሄው 240ዜድ ነው። ስድስቱን ካንዴላ አውጥተህ መጀመሪያ ኮምፕሬሽኑን፣ የእያንዳንዱን ሲሊንደር የመጭመቅ ግፊት፣ ለካ፤ ስድስቱም ከተቀራረቡ ለምን ታወርደዋለህ? በ1973ቱ ላይ የገባው ካርቡራቶር ነው የሚያስቸግረው፣ ያንተ 1972 ስለሆነ የድሮው ደህናው ካለህ አጽዳውና ጓርኒሲዮኑን ቀይር። የነዳጅ ጎማዎቹን ሁሉ ግን ጣላቸው፤ ከኋላ በቀኝ በኩል ከፕላስቲኩ ጀርባ የተደበቁትንም አትርሳ፣ መኪናው ውስጥ ቤንዚን የሚሸተው ብዙ ጊዜ በነሱ ነው።

ይልቅ የሚያስለቅስህ የኋላ እግሩ ነው። የታችኛውን ክንድ ከጎማ መያዣው ጋር የሚያገናኘው ረጅም ፒን ዝጎ ይነክሳል፤ በመዶሻ ከመታኸው ጫፉ ይደፈጠጥና ጥርሱ ይጠፋል። መጀመሪያ መሃሉ ላይ የሚይዘውን ትንሹን ቡሎን አውጣ፣ ቀናትን እየጠበቅክ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አጠጣው፣ ከዚያ ሳብ እንጂ አትምታ። እኔ ከወፍራም ቱቦ፣ ከሮንዴላና ከረጅም ዳዶ ማውጫ ሠራሁለት፤ ዳዶውን ስታጠብቀው ፒኑን ወደ ቱቦው ውስጥ ይስበዋል። የግራውም የቀኙም ፒን ሳይሰበሩ ወጡ። ይሄን ሥራ «አይቻልም፣ ቆርጠህ ጣለው» ያለኝ ባለሙያ መጥቶ አይቶታል።

ማውጫው እስካሁን አለኝ፣ አድራሻህን በውስጥ መስመር ላክልኝና በፖስታ እልክልሃለሁ፤ ስትጨርስ ትመልስልኛለህ። እስከዚያ የባትሪ ማስቀመጫውን ሥርና የሁለቱን በሮች የኋላ ጥግ ፎቶ አንሳና እዚህ ለጥፍ። የሊብሬውን ፎቶ ግን ለሰው ሁሉ አታውጣ፣ ለኔ ብቻ ላከው፤ ዜሮዋን አብረን እናያታለን።