መልስ፦ መከላከያውን ፓፍ ብንተው ወጪ ይቀንሳል ወይ?

የእናትህ የአስም መከላከያ ፓፍ (በአፍ የሚሳብ መድኃኒት) ውድ ስለሆነ ብንተወውስ ብለህ ጠይቀሃል። ወጪው አይቀንስም፣ ይብሳል። እናትህ ሰማያዊውን ፓፍ (ሳልቡታሞል) ብቻ ቢይዙ ለጊዜው ኪስህ ያርፋል። ግን እሱ የጠበበውን የአየር ቧንቧ ለጥቂት ሰዓት ይከፍታል እንጂ ውስጡ ያለውን እብጠት አይነካም። እብጠቱን የሚያበርደው ያ ውድ ነው ያልከው መከላከያ፣ ቤክሎሜታዞን ነው። ደግሞ በቀን አስላው፤ ካርቶኑ ላይ 200 ጊዜ ይነፋል የሚል ከሆነና ሐኪሙ ጠዋት 2 ማታ 2 ካዘዘላቸው 50 ቀን ይሄዳል።

ወጪ የሚቀንሰው ይሄ ነው፦

1. የጤና መድን ካላችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምሩ። ያለ ሪፈር ሆስፒታል መሄድ ከኪስ ያስከፍላል። መድኃኒቱ እዚያ ከጠፋ የግል ፋርማሲ ከመግባትህ በፊት ከነማ (የከተማው የመንግሥት ፋርማሲ) ጠይቅ።

2. ስፔሰር (በፓፉና በአፍ መካከል የሚገባውን ዕቃ) አትግዛ። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ ብሳና እዚያ ሰካው፤ እሳቸው በጠርሙሱ አፍ ይሳቡ። አለዚያ መድኃኒቱ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ከመከላከያው በኋላ አፋቸውን ይጉመጥመጡ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፤ ተሻላቸው ብለህ መከላከያውን በራስህ እንዳታስቆም። እኔም አስም አለብኝ፣ አድርጌዋለሁ። ቱሉ ዲምቱ ነው የምኖረው፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ሲል ሰማያዊውን ባራግፈው ባዶ! ባለላዳው የፈለገውን ጠራ፣ በዚያ ሰዓት ማን ይከራከራል። ከዚያ የድንገተኛ ክፍል ሂሳብ አለ፣ 4 ቀን ከሥራ ቀረሁ፣ ባለቤቴም ጉሊቷን ትታ አጠገቤ ዋለች። ለቆጠብኳት አንዲት ፓፍ።