ሃርሞኒክ ወይስ ኮምፓውንድ? መጀመሪያ ጌይኑን ያስተካክሉ

ባሕር ዳር በሚገኝ ክሊኒክ የሚሠሩ አንባቢ እንዲህ ጠይቀዋል፦ «አልትራሳውንዳችን ተራ፣ ሃርሞኒክና ኮምፓውንድ የሚባሉ የምስል ዘዴዎች አሉት። ሃርሞኒኩን ስጫን ምስሉ ይጨልማል፤ ኮምፓውንዱ ግን ጥርት ብሎ ያምራል። ለሐሞት ጠጠርና ለጉበት የትኛው ይሻላል?»

ጠጠር ሲፈልጉ ኮምፓውንዱን ያጥፉት። ምስሉ የሚያምረው ማሽኑ ሞገዱን ከተለያየ አቅጣጫ ልኮ የተመለሰውን ስለሚያዳምረው ነው፤ የምስሉ ነጠብጣብ ይለሰልሳል። ጠጠርን የምንለየው ግን ከሥሩ በሚወርደው ጥቁር ጥላ ነው፤ ከጎን የገባው ሞገድ ያንን ጥላ ይሞላዋል። የ3 ወይም የ4 ሚሊ ሜትር ጠጠር ጥላው አጭር ሦስት ማዕዘን ሆኖ ይቀራል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይጠፋል፤ ያኔ ፖሊፕ (ከግድግዳው ላይ የበቀለ ትንሽ እብጠት) ተብሎ ይጻፋል። ጥርጣሬ ካለ ታካሚውን ያገላብጡት፤ ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ ይንከባለላል፣ ፖሊፕ ካለበት አይነቃነቅም።

የሃርሞኒኩ መጨለም ብልሽት አይደለም። ማሽኑ ለምሳሌ በ2 ሜጋኸርዝ ልኮ የሚያዳምጠው 4 ሜጋኸርዙን ነው። ይህ ድምፅ ሞገዱ በሰውነት ውስጥ ሲያልፍ ቀስ በቀስ የሚፈጠር ስለሆነ ደካማ ነው። ጥቅሙም ከዚሁ ይመጣል፦ ቆዳና ስቡ ላይ ገና ስላልጠነከረ፣ የሐሞት ከረጢቱን ውስጥ ጭጋግ የሚያስመስለው የቅርብ ነጸብራቅ ይቀንሳል። ዐይናችን ግን ብሩህ ምስል ይወዳልና ጌይን (የተመለሰውን ድምፅ አጉልቶ ምስሉን የሚያደምቀው ቁልፍ) ሳይስተካከል የተደረገ ውድድር የብርሃን ውድድር ብቻ ነው።

ለማወዳደር ከ6 እስከ 8 ሰዓት ምግብ ያልቀመሰ ታካሚ ይምረጡ፤ የበላ ሰው የሐሞት ከረጢቱ ተኮማትሮ ግድግዳው ወፍሮ ይታያል። በግራ ጎኑ ያስተኙት፣ ትንፋሹን ያስይዙትና ኮንቬክስ ፕሮቡን (ፊቱ ጎበጥ ያለውን የሆድ መመርመሪያ) ከቦታው ሳያነሱ ሦስቱንም ይሞክሩ። ዴፕዙ (ምስሉ የሚያሳየው ጥልቀት) 15 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቆይ፤ ፎከሱ (ሞገዱ የሚጠብበት ቦታ) ልክ ጠጠሩ ላይ ይሁን፤ ከራቀ ሞገዱ ከጠጠሩ ይሰፋና ጥላው በሦስቱም ይደበዝዛል። አውቶ ጌይን ካለ ያጥፉት፣ ፐርሲስተንሱም (ተከታታይ ምስሎችን የሚያዋህደው ማስተካከያ) አይለወጥ። ከዚያ አንዱን በተጫኑ ቁጥር በተመሳሳይ ጥልቀት ያለው ጉበት እኩል ግራጫ እስኪሆን ጌይኑን ብቻ ያንቀሳቅሱ፤ ከዚያ ፍሪዝ አድርገው ያስቀምጡ። የስክሪኑን ጠርዝ ማንበብ አይርሱ፤ አንዳንድ ማሽን በአንድ ቁልፍ ፍሪኩዌንሲውንም አብሮ ይቀይራል። ምስሎቹን ስማቸውን ሸፍነው ለባልደረባዎ ያሳዩ። «የቱ ያምራል?» ሳይሆን «ጥላው የት ይጀምራል? የኋላው ግድግዳ ይለያል?» ብለው ይጠይቁ።

ወፍራም ታካሚ ላይ ሃርሞኒኩ ዲያፍራሙን (ከጉበቱ በላይ ያለውን የመተንፈሻ ጡንቻ) ካላሳየ ወደ ተራው ይመለሱ። ድምፅ በየሴንቲ ሜትሩ፣ ለእያንዳንዱ ሜጋኸርዝ፣ ግማሽ ዴሲቤል ያህል ይደክማል፤ 15 ሴንቲ ሜትር ደርሶ እስኪመለስ በ3.5 ሜጋኸርዝ 52፣ በ5 ሜጋኸርዝ 75 ዴሲቤል ያጣል። ይህን በባልዲ ውሃ መፈተሽ አይቻልም፤ ውሃ ድምፅን እምብዛም አያደክምም።

ለጉበቱ፣ ከጣና ዳር የሚመጡ ዓሣ አጥማጆችንና የፎገራ ሩዝ ገበሬዎችን ለቢልሃርዚያ ሲከታተሉ ባለፈው ጊዜ የተጠቀሙበትን ዘዴ ይድገሙ። ሃርሞኒክ ንጽጽሩን ስለሚያጎላ ቢልሃርዚያ የሚያወፍረው የፖርታል ቬይን (ወደ ጉበት ደም የሚያስገባው የደም ሥር) ቅርንጫፎች ግድግዳ ደምቆ ሊታይ ይችላል፤ ቁልፍ መቀየሩ ካልተጻፈ ቀጣዩ ሐኪም በሽታው ባሰ ብሎ ያነበዋል። ዘዴውን፣ ዴፕዙንና ፍሪኩዌንሲውን ሪፖርቱ ላይ ያስፍሩ።