የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ማጣሪያ ብገጥም ኔቡላው ጭራሽ ጠፋብኝ

ጥያቄ፦ የመስተዋቱ ስፋት 200 ሚሊሜትር፣ የትኩረት ርቀቱ 1200 ሚሊሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ አለኝ። የኦሪዮንን ኔቡላ (በከዋክብት መካከል ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና) ያለ ችግር አይበታለሁ። በሲግነስ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ የሚገኘውን የቬል ኔቡላ ግን ስንት ሌሊት ደክሜ አጣሁት። የኦክስጅን ማጣሪያ ከተገጠመ ይታያል ተብዬ ገዛሁና በ10 ሚሊሜትር የዓይን ምስሪት (ዓይን የሚጠጋበት ሌንስ) ላይ ገጠምኩት፤ ይባስ ብሎ ከዋክብቱም ጨለሙብኝ። ማጣሪያው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ማጣሪያዎ ጤነኛ ይመስለኛል፤ ያልተስማማው ምስሪቱ ነው። አብዛኞቻችን ስንጀምር ማጣሪያ የኔቡላውን ብርሃን የሚጨምር ይመስለናል። ማጣሪያ ግን ካለው ላይ ይቀንሳል እንጂ ቅንጣት ብርሃን አይጨምርም፤ ጥቅሙ የሰማዩን ብርሃን ከኔቡላው ብርሃን ይልቅ እጅግ አብዝቶ መቀነሱ ነው። ይህም የሚሆነው እንደ ቬል ያለ የጋዝ ደመና ከዋክብት እንደሚያደርጉት በሁሉም የሞገድ ርዝመት፣ ማለትም በሁሉም የብርሃን ቀለም፣ ስለማያበራ ነው። ለዓይናችን ከሚደርሰው ብርሃኑ አብዛኛው ሁለት ኤሌክትሮኖቹን ካጣ ኦክስጅን የሚወጣ ሲሆን፣ በ495.9 እና በ500.7 ናኖሜትር ላይ ባሉ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች ተወስኖ ይገኛል። እንግሊዛዊው ዊልያም ሃጊንስ እ.ኤ.አ. በ1864 የካትስ አይ ኔቡላን ብርሃን በስፔክትሮስኮፕ (ብርሃንን በቀለም በቀለሙ በሚለይ መሣሪያ) ሲመረምር እነዚህን መስመሮች አገኘ፤ በጊዜው ከሚታወቅ ከየትኛውም ንጥረ ነገር ጋር አልገጥም ስላሉም «ኔቡሊየም» የሚል ስም የወጣለት አዲስ ንጥረ ነገር እስከ መታሰብ ደርሶ ነበር። የምናውቀው ኦክስጅን እጅግ በሳሳ ጋዝ ውስጥ ሲሆን የሚያወጣው ብርሃን መሆኑን አሜሪካዊው ኢራ ቦወን ያስረዳው እ.ኤ.አ. በ1927 ነው። የኦክስጅን ማጣሪያ እንግዲህ በእነዚህ መስመሮች ዙሪያ ጠባብ በር ከፍቶ ሌላውን ሁሉ ይዘጋል። ከዋክብቱ የጨለሙብዎት ማጣሪያው ሥራውን ስለሠራ ነው።

አሁን ወደ ምስሪቱ እንምጣ። 1200ን ለ10 ስናካፍል የሚያጎላው 120 እጥፍ ይሆናል፤ የመስተዋቱን 200 ሚሊሜትር ደግሞ ለ120 ስናካፍል፣ ከምስሪቱ ወጥቶ ወደ ዓይንዎ የሚገባው የብርሃን ዘንግ ውፍረቱ 1.7 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። በጨለማ የተከፈተ የዓይን ብሌን በወጣትነት እስከ 7 ሚሊሜትር ሊሰፋ ስለሚችል፣ የዓይንዎ ደጃፍ አብዛኛው ባዶውን ቀርቷል ማለት ነው። በ32 ሚሊሜትር ምስሪት ቢመለከቱ የሚያጎላው ወደ 37.5 እጥፍ ይወርዳል፤ የብርሃኑ ዘንግ ግን 5.3 ሚሊሜትር ይሆናል። የተንጣለለ ኔቡላ ድምቀት ከዚህ ውፍረት ካሬ ጋር አብሮ ስለሚሄድ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ዐሥር እጥፍ ይደርሳል። በዚያ ላይ ቬል በሰማይ ላይ የያዘው ስፋት 3 ዲግሪ ገደማ፣ ማለትም የስድስት ሙሉ ጨረቃዎች ጎን ለጎን ርዝመት ነው፤ በተለመደው የ10 ሚሊሜትር ምስሪት የሚታየው ክብ ግን አንዲት ጨረቃም በቅጡ አትገባበትም። እኔም በመጀመሪያው ዓመት እንዲሁ አድርጌ፣ ለካስ ኔቡላው መካከል ገብቼ ኖሮ፣ ሰማዩ ባዶ ነው ብዬ ተመልሻለሁ።

ስለዚህ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ማጣሪያውን በሰፊው ምስሪት ላይ ይግጠሙና 52 ሲግኒ የምትባለውን፣ በጨለማ ሰማይ ያለ መሣሪያም የምትታይ ኮከብ መሐል ላይ ያድርጓት። የምዕራቡ የኔቡላ ክፍል በእርሷ በኩል እንደ ተወጠረ ክር ያልፋል፤ በአንድ ወገኗ ቀጥኖ ይሾላል፣ በሌላው ወገን ተበትኖ ይደበዝዛል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ሲጓዙ ከዚህ ይልቅ የደመቀውን ቅስት ያገኛሉ። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዊልያም ሄርሼል እ.ኤ.አ. በ1784 ያለ አንዳች ማጣሪያ አግኝቶታል፤ የእርሱ ሰማይ ግን የመንገድ መብራት የማያውቅ ሰማይ ነበር።

ጥያቄ፦ አንድ ማጣሪያ ብቻ ለመግዛት አቅም ያለኝ ሰው ነኝ። የትኛውን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ዩኤችሲ (UHC) የሚባለውን። ይህ ማጣሪያ የኦክስጅኑን መስመሮችና በ486.1 ናኖሜትር ላይ ያለውን የሃይድሮጅን ቤታ መስመር አንድ ላይ ስለሚያሳልፍ ለአብዛኞቹ የጋዝ ኔቡላዎች ይሆናል፤ ከዋክብቱንም እንደ ኦክስጅን ማጣሪያ አያጨልምም። የሃይድሮጅን ቤታ ማጣሪያ እንደ ሆርስሄድና ካሊፎርኒያ ላሉ ጥቂት ኔቡላዎች ብቻ ስለሚጠቅም፣ ለመጀመሪያ ግዢ ገንዘብ ማባከን ነው እላለሁ። ጋላክሲዎችን፣ የከዋክብት ክምችቶችንና እንደ ኤም 78 የከዋክብትን ብርሃን መልሰው የሚያንጸባርቁ ደመናዎችን ግን የትኛውም ማጣሪያ አይረዳቸውም፤ ብርሃናቸው በሁሉም የሞገድ ርዝመት የተበተነ ስለሆነ ከሰማዩ ጋር አብሮ ይቀነሳል።

አንድ ተጨማሪ ጥቅም ልጥቀስ። ከኮከብ የማይለዩ ትንንሽ ፕላኔታዊ ኔቡላዎችን (ስማቸው እንዲህ ይሁን እንጂ በመሞት ላይ ያሉ ከዋክብት የተፉት ጋዝ ናቸው) ሲፈልጉ ማጣሪያውን አይግጠሙት፤ በጣትዎ ይዘው በዓይንዎና በምስሪቱ መካከል ወዲያ ወዲህ ያድርጉት። ከዋክብቱ በሙሉ ሲደበዝዙ አንዷ ነጥብ ብቻ እንደ ነበረች ከቆየች፣ የፈለጓት እርሷ ናት። ካገኟት በኋላ አብልጦ የሚያጎላ ምስሪት መጠቀም ይችላሉ፤ እነዚህ ትንንሾቹ ብርሃናቸው የተሰበሰበ በመሆኑ ማጉላቱን ይችሉታል።

ጥያቄ፦ በፎቶግራፍ ቀይ ሆኖ የሚታየው ኔቡላ ለእኔ ለምን ግራጫ ይሆናል?

መልስ፦ ቀዩ ቀለም ሃይድሮጅን በ656.3 ናኖሜትር ላይ የሚያወጣው ብርሃን ነው። በጨለማ የሚያዩልን የሬቲና (በዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን) ሴሎች ቀለም አይለዩም፤ ይህን ቀይ ብርሃንም ከሞላ ጎደል አያዩትም። እነዚሁ ሴሎች በሬቲናው መሐል ስለሌሉ፣ ደብዛዛውን ነገር ፊት ለፊት ከማፍጠጥ ይልቅ አጠገቡ ያለውን ባዶ ቦታ እያዩ በዓይን ጥግ መጠበቅ ይሻላል፤ ኔቡላን በጎሪጥ ማየት ነውር የለውም። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ አንድ ጊዜ የስልክ ስክሪን ማየት ይህን ሁሉ ያፈርሰዋል። እኔ ጥቁር ጨርቅ ከራሴ እስከ ምስሪቱ ድረስ ተከናንቤ ነው የምመለከተው።