ቤት ለማከራየት ፈቃድ ያስፈልጋልን? ከጎጃም ከተሞች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ በግቢዬ ሦስት ክፍል ሰርቪስ ቤት አከራያለሁ። ለንደን የሚኖረው ልጄ እዚያ ከማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ሳይወጣ ማከራየት እንደማይቻል ነገረኝ። እኔስ?

መልስ፦ እናቴ፣ ልጅዎ የነገረዎት በከፊል ልክ ነው። በእንግሊዝ የ2004 እ.ኤ.አ. የቤቶች ሕግ የአካባቢ ምክር ቤቶች በወሰኑት ሰፈር የግል አከራዮችን በፈቃድ እንዲያሠሩ ሥልጣን ሰጥቷቸዋል፤ በለንደን የኒውሃም ምክር ቤትም በ2013 እ.ኤ.አ. ይህንኑ በክልሉ በሙሉ ሥራ ላይ አውሏል። ፈቃዱ ቢበዛ ለ5 ዓመት የሚጸና ሲሆን፣ አከራዩ ለሥራው የተገባ ሰው መሆኑና ቤቱ የጢስ ማስጠንቀቂያ ያለው መሆኑ ይጠየቃል።

በእኛ አገር ግን የሚመዘገበው ውሉ እንጂ አከራዩ አይደለም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከ2 ዓመት እንዳያንስና በተፈረመ በ30 ቀን ውስጥ ለተቆጣጣሪው አካል ቀርቦ እንዲመዘገብ ያዝዛል። በክልሎች የሚሠራው ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ስለሆነ፣ ከመፈረምዎ በፊት የቤት ጉዳይን የያዘውን የከተማ አስተዳደሩን ክፍል ይጠይቁ። በእኔ አስተያየት ሕጋችን ዋጋንና ጊዜን ሲጠብቅ የቤቱን ሁኔታ ግን ችላ ብሎታል፤ ለአሥር ሰው አንድ መጸዳጃ ያለውን ግቢ ማንም አይመረምረውም።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ መምህር ነኝ። አከራዬ የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ክፈል፣ መስከረም ላይም ዋጋ እጨምራለሁ አሉኝ።

መልስ፦ አዋጁ ከ2 ወር ኪራይ የበለጠ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅን አይፈቅድም። ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ በሚያወጣው መጠን እንጂ አከራይ በወደደው ልክ አይደለም። ኪራዩን በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይክፈሉ፤ ሕጉም የሚያዝዘው ይህንኑ ሲሆን፣ የባንክ ደረሰኝ ከደላላው ምስክርነት ይልቅ ይረዳዎታል።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ ፔንሲዮን አለኝ፤ ይህ አዋጅ ይመለከተኛል?

መልስ፦ አይመለከትዎትም። የእንግዳ ማረፊያ በንግድ ፈቃድ የሚሠራ ነው።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ ውሉን ካስመዘገብሁ ግብር ይከመርብኛል፣ ውሎ አድሮም ቤቴ ይወሰድብኛል ብዬ እፈራለሁ።

መልስ፦ አባቴ፣ ፍርሃትዎን አልንቀውም። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብርን ተቃውሞ ሲነሣ አንዱ ሥጋቱ መሬቱ ተለክቶና ተመዝግቦ ከእጁ እንዳይወጣ ነበር። በሐምሌ 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ ትርፍ የከተማ ቤቶችን ወርሶ፣ ለግለሰብ ቤት ማከራየትን ጨርሶ ከለከለ። ያንን ዘመን ያየ ሰው መዝገብ ሲባል መውረስ ቢመስለው አይፈረድበትም።

የ2016ቱ አዋጅ ግን የሚያስተዳድረው የኪራይ ውልን ነው፤ በቤቱ ላይ ያለዎትን ባለቤትነት አይነካም። የኪራይ ገቢ ግብርም በምዝገባው የመጣ አዲስ ዕዳ አይደለም፤ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሠንጠረዥ «ለ» ከዚያ በፊትም ነበረ፤ ውል አለማስመዝገብም ግዴታውን አያስቀርም። ተከራይን አስወጥቶ ቤቱን መዝጋትም መፍትሔ አይሆንም፤ አዋጁ ከ6 ወር በላይ ያለ ተከራይ የተቀመጠ ቤት እንደተከራየ ተቆጥሮ ግብር እንዲከፈልበት የሚያደርግ መንገድ አለው።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ፣ በድጋሚ)፦ ሦስቱም ክፍሎች በአንድ ቆጣሪ ይጠቀማሉ፤ መብራቱን እንዴት ልከፋፍል?

መልስ፦ ለምዝገባ ከመቅረብዎ በፊት በውሉ ላይ ይጻፉት፦ በሰው ቁጥር ወይስ በክፍል፣ ምጣድ የሚጠቀምስ ስንት ይጨምራል? በየግቢው ጠብ የሚነሣው በኪራዩ ሳይሆን በምጣዱ ነው። ውኃውንም በዚያው አንቀጽ ያግቡት።