ስንዴው ዋግን «ያስተናግዳል» እንዴ?

አንዲት የግብርና ተማሪ እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦ «ሌክቸር ላይ ‹ፈንገሱ አስተናጋጁን ተክል ሲያጠቃ› ይባላል። እኔ አስተናጋጅ ሲባል ካፌ ውስጥ ትእዛዝ የሚቀበለው ልጅ ነው የሚታየኝ። ሌላ ቃል የለንም?»

አለን እንጂ! ፈንገስ ገብቶ የሚኖርበትን ተክል አስተናጋጅ የምትለው ይቺ ቃል እኔንም ስታበሳጨኝ ነው የኖረችው፣ ስለዚህ መልሴ ቢረዝም ቻይኝ።

አስተናገደ ሥሩ የግእዙ ነገደ ነው፣ ተጓዘ ማለት፤ ነጋዴም እንግዳም ከዚሁ ነው የወጡት፣ ድሮ ኢየሩሳሌም ሊሳለም የሚሄደውም ነጋዲ ይባል ነበር (ንግድ መጀመሪያ መንገድ መሄድ ነበር፣ ትርፉ በኋላ ነው የመጣው)። እና ማስተናገድ መንገደኛን ወዶ መቀበል ነው፣ ቃሉ ውስጥ ፈቃድ አለበት።

አሁን የስንዴ ዋግን፣ ስንዴን የሚያጠቃውን ፈንገስ፣ እዪው። ስፖሩ (እንደ ዘር የሚበተነው ብናኙ) ቅጠል ላይ ያርፍና ጤዛ ሲያገኝ ይበቅላል፣ ቀጭን ክር አውጥቶ ቅጠሉን እየዳሰሰ መተንፈሻ ቀዳዳ ይፈልጋል፣ ሲያገኝ የክሩ ጫፍ ያብጥና ቀዳዳው ላይ ይለጠፋል፣ አፕረሶሪየም የሚሉት ይሄን ነው፣ በላቲን መጫን ከሚለው ግስ የመጣ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብቶ የሴሉን ግድግዳ ይበሳና ምግብ የሚመጥበትን አካሉን፣ ሃውስቶሪየሙን፣ ይተክላል። ብላስት የሚባለውን የሩዝ በሽታ የሚያመጣው ፈንገስ ደግሞ ቀዳዳ መፈለግም የለ፤ አፕረሶሪየሙን ሜላኒን በሚባል ቀለም ያጠቁራል፣ ውስጡ ግሊሰሮል ያከማቻል፣ ውሃ ይስብና እስከ 80 አትሞስፌር የሚደርስ ግፊት ፈጥሮ ቅጠሉን በጉልበት ይበሳዋል። ይሄ ነው እንግዳ?

የእኔ ምርጫ ቀላቢ ነው። ድሮ ወታደር ገበሬ ቤት እንዲያርፍ ሲመደብ ገበሬው ወደደም ጠላም ይቀልበው ነበር፣ ያንን መስተንግዶ ያለው ሰው የለም። ሃውስቶሪየምም እንደዛ ነው የሚኖረው፦ የሴሉን ግድግዳ ይብሳ እንጂ ከግድግዳው ውስጥ ያለውን ስስ ሽፋን፣ ሜምብሬኑን፣ አይቀድም፣ ሜምብሬኑ እየተለጠጠ ይከበዋል፣ ሴሉ ሳይሞት ስኳሩ ይወሰዳል። ዋግ ከሞተ ተክል የሚያገኘው ነገር ስለሌለ ቀላቢው በሕይወት እንዲቆይለት ይፈልጋል። በ2006 ዓ.ም. የግንድ ዋግ ባሌና አርሲ ላይ ዲገሉ የሚባለውን ስንዴ ሲፈጀው ገበሬው «ዋግ መታው» ነው የሚለው፣ «ስንዴዬ ዋግ አስተናገደ» የሚል ገበሬ ካለ አሳዪኝ። መጽሐፍ ቅዱሱም ስለ ዋግና አረማሞ ሲናገር «ይመታሃል» ነው የሚለው።

«የእንግሊዝኛው ቃል ሆስትም እንግዳ ተቀባይ ማለት ነው፣ ላቲኑም ሆስፔስ ነው» ብለው የሚከራከሩ አሉ። እሺ፣ ግን ሆስፔስ ተቀባዩም እንግዳውም ነው፣ የቅርብ ዘመዱ ሆስቲስ ደግሞ ጠላት ማለት ነው፣ ላቲኖቹ እንግዳና ጠላት ቢቀላቀልባቸው እኛ ምን አገባን።

አንድ ቦታ ላይ ግን ይረቱኛል፣ ደስ ባይለኝም ልንገርሽ። አርባስኩላር ማይኮራይዛ የሚባሉት ፈንገሶች የተክል ሥር ሴል ውስጥ ገብተው እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚያወጣ መዋቅር ይሠራሉ፣ እና እዚህ ተክሉ ራሱ በሥሩ ኬሚካል እየለቀቀ ይጠራቸዋል፣ ሴሉም መግቢያ መንገዱን አስቀድሞ ያዘጋጃል፣ ፎስፎረስ ያመጡለታል ስኳር ይወስዳሉ። ስኮትላንድ ውስጥ ራይኒ በሚባል ቦታ 407 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በሆነው አለት ውስጥ ይሄው ነገር ተገኝቷል። ይሄ ማስተናገድ ነው፣ ምንም ማለት አልችልም። ሃውስቶሪየም ግን ሌላ ታሪክ ነው፣ ከአንድ አባት የተወረሰ እንኳን አይደለም፤ ድንች የሚያጠፋው ፋይቶፍቶራ ፈንገስ ሳይሆን ተመሳሳዩን መሣሪያ ለብቻው አብጅቷል።

አስተናጋጅ ግን ለምዷል በቃ፣ ፈተና ላይ እሱን ጻፊ፣ ማርክሽን በእኔ ጣዕም አታስቆርጪ። የራስሽን ጽሑፍ ስትጽፊ ግን ለዋግ ቀላቢ በይ፣ ለማይኮራይዛው አስተናጋጅ ይሁን። ሃውስቶሪየምን «ሥር» የሚሉትን ደግሞ አትስሚያቸው፣ ቃሉ በላቲን መቅዳት፣ መጠጣት ከሚል የመጣ ነው፣ መምጠጫ ብትዪው ይበቃል።