ጠብታው ከተንከባለለ በኋላ

ፈሳሽ የማያርሳቸውን ሽፋኖች ማጥናት ለጀመራችሁ ወጣቶች፣

የመጀመሪያው ደስታ ቶሎ ይመጣል። ውሃ ጠብ ታደርጋላችሁ። ጠብታው ክብ ሆኖ ይቀመጣል፤ ናሙናውን ትንሽ ስታዘነብሉት ተንከባሎ ይወርዳል። ወዲያው ቪዲዮ ይቀረጻል፣ ጠብታው ከገጹ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከ150 ዲግሪ በላይ ነው ይባላል። እኔ ይህን ማየት እስከ ዛሬ አልሰለቸኝም። ዋናው ሥራ ግን ገና አልተጀመረም።

ጠብታው ከገጹ ጋር የሚሠራውን ማዕዘን አንድ ጊዜ ለክታችሁ እንዳትተዉት። ውሃ እየጨመራችሁ ጠርዙ ወደ ውጭ ሲገፋ ለኩ። መልሳችሁ እየመጠጣችሁ ጠርዙ ሲሸሽም ለኩ። ሁለቱ ቁጥሮች በጣም ከተራራቁ፣ ምንም ያህል ክብ ቢመስል ጠብታው ተጣብቋል። ብዙ ሰው ሁለተኛውን ልኬት ይዘለዋል። እባካችሁ እናንተ አትዝለሉት።

ከዚያ ዘይት ሞክሩ። የውሃ የገጽ ውጥረት፣ ማለትም ጠብታውን ክብ አድርጎ የሚሰበስበው ኃይል፣ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ 72 ሚሊኒውተን በሜትር ገደማ ነው። ሄክሳዴኬን የተባለው ዘይት ግን ያለው 27 ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በቀላሉ ይዘረጋል። ለዚህ ነው ውሃን ያንከባለለ ገጽ በዘይት ቶሎ የሚርሰው። እ.ኤ.አ. በ2007 ተመራማሪው አኒሽ ቱቴጃና ባልደረቦቹ መፍትሔው ቅርጽ ላይ መሆኑን አሳዩ፦ እንደ እንጉዳይ አናቱ የሰፋ፣ ሥሩ የጠበበ ጥቃቅን ቅርጽ ከሥሩ አየር ይይዛል፣ ዘይቱም አይሰርግም። በ2011 ደግሞ የጆአና አይዘንበርግ ቡድን አየሩን ትቶ ገጹን በቅባት ሞላው። ሐሳቡ የመጣው ነፍሳትን አንሸራትቶ ከሚይዝ ተክል ነው። ሁለቱም ግሩም ሥራዎች ናቸው። ግን ቅርጹ ይሰበራል፣ ቅባቱም ቀስ በቀስ ያልቃል።

ስለዚህ ፈትጉት። በሳሙና እጠቡት፣ ፀሐይ ላይ አስቀምጡት፣ ከዚያ እንደገና ለኩት። ከፍትጊያ በኋላ ያለው ቁጥር ካልተጻፈ ሽፋኑ ለሥራ ይበቃል ማለት አይቻልም። እኔ የሰው ሥራ ስገመግም መጀመሪያ የምፈልገው ይህን ሰንጠረዥ ነው።

የፍሎሪን ነገርም አለ። ፈሳሽን ለመግፋት ለረጅም ዘመን ቀላሉ መልስ እሱ ነበር። የካርቦንና የፍሎሪን ትስስር እጅግ ጠንካራ ነው፤ ችግሩም እዚያው ላይ ነው፣ ውህዱ አፈርና ውሃ ውስጥ ገብቶ አይበሰብስም። የማይበሰብሱ በካይ ኬሚካሎችን የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የስቶክሆልም ስምምነት፣ ፍሎሪን ካላቸው ከእነዚህ ውህዶች መካከል በ2009 ፒኤፍኦኤስን፣ በ2019 ፒኤፍኦኤን በዝርዝሩ አስገብቷል። ውሃን ብቻ ለመግፋት ፍሎሪን አያስፈልግም፤ ሲሊኮን ይበቃል። ዘይት ላይ ነው ጣጣው።

እንደ እናንተ ወጣት ብሆን የምይዘው ይህን ጥያቄ ነው። ለስላሳ ገጽ ላይ በአንድ ጫፋቸው ብቻ የታሰሩ የሲሊኮን ሰንሰለቶችን ተመልከቱ። የውሃው ማዕዘን 105 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ለቪዲዮ አያምርም። ሆኖም ሲገፋና ሲሸሽ የሚለካው ልዩነት በጣም ትንሽ ስለሆነ ዘይትም ሳይቀር ይንሸራተታል። የሚሰበር ጥቃቅን ቅርጽ የለውም፣ ፍሎሪንም የለበትም። ስንት ፍትጊያ እንደሚችል ግን ገና ብዙ መለካት ይቀራል።