ሰዓቱ «ተኝተሃል» ሲል አንተ ደግሞ «አልተኛሁም» ስትል

ወንድሜ፣ እንቅልፍ የሚለካው የእጅ ሰዓትህ «ለ7 ሰዓት ተኝተሃል» እያለህ አንተ ግን ዓይንህን ሳትከድን ያደርክ የሚመስልህ ለምን እንደሆነ ጠይቀሃል። መጀመሪያ፣ ሰዓቱ እንቅልፍህን አያይም። የሚያየው የእጅህን እንቅስቃሴና የልብ ምትህን ነው። ጣሪያ ጣሪያውን እያየህ ሳትነቃነቅ ከተጋደምክ፣ ተኝቷል ብሎ ሊመዘግብልህ ይችላል። ትክክለኛው ምርመራ ጭንቅላት ላይ ሽቦ ተለጥፎ የአንጎል ሞገድን ይመዘግባል።

ግን በዚያ ምርመራ እንኳን ብዙ ሰዓት ተኝተው «ዓይኔን አልከደንኩም» የሚሉ ሰዎች አሉ። እየዋሹ አይደለም። እኔ ፒያሳ ነው የምኖረው፤ ሌሊት ማህሌቱ በድምፅ ማጉያ ይሰማኛል፣ ቆይቶ ውሻ ይጮሃል፣ ንጋት ላይ ረዳቱ «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» ይላል፣ ጠዋት ስነሳ ሦስቱን አያይዤ ስንገላበጥ አደርኩ እላለሁ፣ በመሃል የተኛሁበት ሰዓት ግን ትዝ አይለኝም።

ቁጥሩ ራሱም ስሜትህን ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጥናት፣ ጥሩ እንቅልፍ ተኝታችኋል የተባሉ ተማሪዎች መጥፎ ተኝታችኋል ከተባሉት የተሻለ ፈተና ሠርተዋል። የተነገራቸው ልኬት ግን የውሸት ነበር!

ስለዚህ እባክህ ጠዋት ስልክህን ከመክፈትህ በፊት ራስህን ጠይቅ፦ ሰውነቴ እንዴት ነው? ቀን ላይ ነቃ ብለህ ከዋልክ ቁጥሩን ተወው። የምታንኮራፋና ታክሲ ውስጥ ቁጭ እንዳልክ እንቅልፍ የሚጥልህ ከሆነ ግን ሰዓቱ «ጥሩ ነው» ቢልህም ሐኪም ጋ ሂድ፤ እንቅልፍህ ውስጥ ትንፋሽህ እየተቋረጠ ሊሆን ይችላል።